የምዕራቡ የስደት ንድፈ ሃሳብ በምሥራቅ እስያ ሚዛን

ስለ ስደት የሚጻፉ የምርምር ሥራዎችን አዘውትሮ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጽሑፉ ስለ ጃፓን ይሁን ስለ ደቡብ ኮርያ፣ ስለ ታይዋን ይሁን ስለ ቻይና፣ መግቢያው ላይ የሚደረደሩት ስሞችና ጽንሰ ሃሳቦች ያው ናቸው። ራቨንስታይን ይጠቀሳል፤ ገፊና ሳቢ ምክንያቶች ይዘረዘራሉ፤ የጀርመን «እንግዳ ሠራተኞች» ታሪክ ይነሳል። ከዚያም የእስያው አገር በዚህ መስፈሪያ ይሰፈርና ወይ «ዘግይቶ የመጣ» ወይ «ከሕጉ ያፈነገጠ» የሚል ስም ይሰጠዋል። መስፈሪያው ራሱ ጎደሎ ይሆን እንዴ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የምፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አገራችን በስንት ችግር ተወጥራ እያለች ለኢትዮጵያዊ ምሁር ምሥራቅ እስያ ምኑ ነው? መልሴ አጭር ነው። እኛም ስለራሳችን ስደት ስንጽፍና ስንከራከር የምንጠቀመው በእነዚሁ መስፈሪያዎች ነው። በሪያድ፣ በቤይሩትና በዱባይ ስላሉት እህቶቻችን ስናወራ አፋችን ላይ የሚመጡት ቃላት ሜክሲኳውያን በካሊፎርኒያ፣ ቱርኮች በጀርመን ሲጠኑ የተፈጠሩ ናቸው። መስፈሪያው ከተሠራበት አገር ውጭ ሲፈተን ምን እንደሚሆን ማየት እንግዲህ የሰው ድስት ማማሰል አይደለም። ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ላስታውስ።

መስፈሪያው ከየት መጣ?

ጀርመን ተወላጁ ኧርነስት ጆርጅ ራቨንስታይን «የስደት ሕጎች» የተባለውን ሥራውን በ1885 ለንደን ውስጥ ሲያቀርብ ከፊቱ የነበረው መረጃ በዋነኛነት የብሪታንያ የሕዝብ ቆጠራ ነበር። አሜሪካዊው ኤቨረት ሊ በ1966 ገፊና ሳቢ ምክንያቶችን በአንድ ማዕቀፍ አስቀመጠ። ማይክል ፒዮሬ በ1979 የበለጸጉ አገሮች ኢኮኖሚ የአገሬው ሰው የማይፈልገውን ሥራ የሚሠራለት ሰው ከውጭ ዘወትር እንደሚጠራ አስረዳ። ጄምስ ሆሊፊልድ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ የሊበራል መንግሥታት ተቃርኖ ተብሎ የታወቀውን ሃሳብ አቀረበ። ገበያው በሩን ክፈቱ ይላል፤ ፖለቲካው ዝጉ ይላል፤ አንዴ የገባውን ሰው ግን ፍርድ ቤቶችና የመብት ሕጎች ስለሚከላከሉለት መንግሥት እንዳሻው ሊያባርረው አይችልም፤ የሃሳቡ ጭብጥ ይህ ነው። ያሴሚን ሶይሳል ደግሞ በ1994 የአውሮፓን እንግዳ ሠራተኞች አጥንታ መብት ከዜግነት እየተላቀቀ ሰው በመሆን ብቻ ላይ እየተመሠረተ መጥቷል አለች።

እነዚህ ሁሉ ክብደት ያላቸው ሥራዎች ናቸው፤ ላጣጥላቸው አልተነሳሁም። እንዲያውም «ምዕራባዊ» የሚለው ስም ራሱ በጥንቃቄ መወሰድ ይኖርበታል። ገበሬው ከተማ የሚገባው አገኘዋለሁ ብሎ በሚገምተው ደመወዝ ተስቦ ነው የሚለው የሃሪስና የቶዳሮ የ1970 ሞዴል የተጠነሰሰው የጎረቤታችንን የኬንያን ከተሞች በማየት ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ንድፈ ሃሳቡ የት ተወለደ የሚል አይደለም። ሲወለድ እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ፣ ሳይናገር ያለፋቸው ቅድመ ሁኔታዎች ምንድን ናቸው የሚል ነው። በኔ እምነት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ስደት ማለት ከአንዱ አገር ወጥቶ ወደ ሌላው አገር መግባት ነው የሚል። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ መንግሥት ስደተኛው ከመምጣቱ በፊት ተሠርቶ ያለቀ ነው የሚል። ሦስተኛ፣ ጊዜ ለስደተኛው ይሠራለታል፤ ዛሬ ሠራተኛ፣ ነገ ነዋሪ፣ ከነገ ወዲያ ዜጋ ይሆናል የሚል ነው።

እነዚህ ሦስቱ ከየት እንደመጡ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስደት ሲባል በምናባችን የሚመጣው አትላንቲክን የሚያቋርጥ መርከብና የኒውዮርክ ወደብ ነው። የታሪክ ምሁሩ አዳም ማኪዎን በ2004 ባወጣው ጥናት ግን ከ1846 እስከ 1940 ባሉት ዓመታት ከአውሮፓ በዋነኛነት ወደ አሜሪካ አህጉር የተሻገረው ሕዝብ ከ55 እስከ 58 ሚሊዮን ሲሆን፣ በዚያው ዘመን በአብዛኛው ከሕንድና ከደቡብ ቻይና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች የሄደው ከ48 እስከ 52 ሚሊዮን፣ በአብዛኛው ከሰሜን ቻይናና ከሩስያ ወደ ማንቹሪያ፣ ወደ ሳይቤርያና ወደ መካከለኛው እስያ የተመመው ደግሞ ከ46 እስከ 51 ሚሊዮን እንደነበር አሳይቷል። ሦስት ተመጣጣኝ ወንዞች ነበሩ ማለት ነው። ንድፈ ሃሳቡ የተቀዳው ግን ከአንዱ ብቻ ነው። የሻንዶንግ ገበሬ በባቡር ማንቹሪያ ወርዶ፣ አጭዶና ቆፍሮ፣ ለአዲስ ዓመት አገሩ የሚመለስበት ስደት በዚያው ዘመን የብዙ ሚሊዮኖች ሕይወት ሆኖ ሳለ በመማሪያ መጽሐፎቻችን የግርጌ ማስታወሻ እንኳን ሊሆን አልቻለም።

ድንበሩ የት ነው?

የመጀመሪያውን ቅድመ ሁኔታ ቻይና ትፈትነዋለች። የቻይና መንግሥት በጥር 1958 ባወጣው የነዋሪነት ምዝገባ ደንብ እያንዳንዱን ሰው በተወለደበት ቦታ አሰረው። «ሁኮው» የሚባለው ይህ ምዝገባ ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው ነው። በራሽን ዘመን እህል የሚታደለው በዚሁ ስለነበር ገበሬው ከተማ መግባት ቢችል እንኳን የሚበላው አያገኝም ነበር። በከተማና በገጠር መካከል ያለው የገቢ ልዩነት ሰፊ ሆኖ ሳለ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ሰው እንደ ልቡ አልተንቀሳቀሰም። የቶዳሮ ገበሬ ደመወዝ አስልቶ መንገድ ይጀምራል፤ የቻይናው ገበሬ ደግሞ ስሌቱ ያው ሆኖ መንገዱ ተዘግቶበት ነበር።

ከ1978 የኢኮኖሚ ለውጥ በኋላ በሩ ገርበብ ሲል የሆነውን ዓለም አይቷል። በ2020 የቻይና የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከተመዘገበበት ቦታ ውጭ የሚኖረው፣ መንግሥት «ተንሳፋፊ ሕዝብ» የሚለው፣ ወደ 376 ሚሊዮን ደርሷል። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዓለም ዙሪያ ከአገሩ ውጭ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ቆጥሮ ያገኘው 281 ሚሊዮን ነው። በአንድ አገር ውስጥ ያለው ስደተኛ ከዓለም አቀፉ ስደተኛ በልጦ ሳለ፣ የስደት ጥናት ግን የመጀመሪያውን «የውስጥ ፍልሰት» ብሎ በሌላ መዝገብ ያስቀምጠዋል።

ክፍፍሉ ተራ የአሠራር ጉዳይ ነው እንዳይባል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2003 ሱን ዢጋንግ የሚባል ኮሌጅ የጨረሰ ወጣት ጓንግዡ ከተማ ውስጥ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይዝ በመገኘቱ ተይዞ በማቆያ ውስጥ ተደብድቦ ሞተ። በገዛ አገሩ ማለት ነው። ከሕዝቡ ቁጣ በኋላ ከተማ የገቡትን እየያዙ ወደ ትውልድ ቦታ የመመለሱ ደንብ በዚያው ዓመት ተሻረ። ማቆያ፣ ፈቃድ፣ ወደ መጣህበት መመለስ፤ እነዚህ ሁሉ እኛ የዓለም አቀፍ ስደት ብቻ አድርገን የምናያቸው ነገሮች ናቸው። በ2014 መንግሥት የገበሬና የከተሜ ምዝገባ ልዩነት እንዲቀር ወስኗል፤ ነገር ግን እንደ ቤይጂንግና ሻንጋይ ባሉ ታላላቅ ከተሞች የነዋሪነት ማዕረግ ዛሬም በነጥብና በመስፈርት የሚታደል ነው። ታዲያ ድንበር የሚባለው በካርታ ላይ የተሰመረው ነው ወይስ መብት የሚቆምበት ቦታ? ከቻይና የምማረው ሁለተኛውን ነው።

«ዘግይቶ የመጣ» ማን ነው?

በ1994 ዌይን ኮርኔሊየስ፣ ፊሊፕ ማርቲንና ሆሊፊልድ ባዘጋጁት ታዋቂ መጽሐፍ የበለጸጉ አገሮች የስደት ፖሊሲዎች እየተቀራረቡ መምጣታቸው ተተንትኖ ነበር። በዚህ አመለካከት ጃፓን መንገዱን ዘግይታ የጀመረች አገር ናት። ቃሉ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን «ዘገየ» ለማለት ሁሉም የሚሄድበት አንድ መንገድ መኖር አለበት፤ መነሻውም መታወቅ አለበት።

ጃፓን ግን በ1945 በግዛቷ ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮርያውያን ነበሯት። ከፊሉ እንጀራ ፍለጋ የመጣ፣ ከፊሉ በጦርነቱ ዘመን በግዳጅ ለማዕድንና ለፋብሪካ የተወሰደ ነው። ሁሉም ግን በሕግ የጃፓን ተገዢዎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ሲመለሱ ወደ 600 ሺህ የሚሆኑት ቀሩ። በሚያዝያ 1952 የሳን ፍራንሲስኮ የሰላም ውል ሥራ ላይ ሲውል እነዚህ ሰዎች የጃፓን ዜግነታቸውን በአንድ ቀን አጡ። አንድም ድንበር አልተሻገሩም፤ ድንበሩ ነው እነሱን የተሻገራቸው። እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ «የውጭ ዜጋ» ሆነው አደጉ።

ስለዚህ ጃፓን ዘግይታ የመጣች አይደለችም። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ተገዢዎች የነበሯት፣ ኢምፓየርዋ ሲፈርስም ከነሱ የቀሩትን ከቤቷ ሳያስወጣ ከመዝገቧ ያወጣች አገር ናት። ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ፣ መንግሥቱ ቀድሞ ተሠርቶ ስደተኛው በኋላ መጣበት የሚለው፣ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ሕዝቡ «እኛ» እና «እነሱ» ተብሎ የተከፈለበት ሥራና የዛሬው የጃፓን መንግሥት የተሠራበት ሥራ አንድ ናቸው።

ጃፓናዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኦጉማ ኤይጂ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ «አንድ ዘር ያላት ጃፓን» የሚለው እምነት ከጦርነቱ በኋላ የገነነ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በፊት በኢምፓየሩ ዘመን ብዙዎቹ ጸሐፊዎች የሚኮሩት በተቃራኒው በሕዝባቸው ድብልቅነት ነበር፤ ምክንያቱም ኮርያንና ታይዋንን ለመጠቅለል የሚያመቸው እሱ ነበርና። ቅኝ ግዛቱ ሲጠፋ ድብልቅነቱም አብሮ ተረሳ። ዛሬ አንድ ተንታኝ «ጃፓን ጥንትም አንድ ወጥ ሕዝብ ስለሆነች ስደተኛ መቀበል ይከብዳታል» ሲል ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው ራሱ ውጤት የሆነውን ነገር ነው።

ጊዜ ለማን ይሠራል?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ምክንያቱም ተስፋ የሚሰጥ ስለሆነ ነው። የአውሮፓ ታሪክ የሚነግረን ይህን ነው። ጀርመን ለጥቂት ዓመታት ብላ ቱርኮችን ጠራች፤ ሰዎቹ ግን ቀሩ፤ ቤተሰብ አመጡ፤ ፍርድ ቤት ጠበቃቸው፤ በመጨረሻም በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የዜግነት ሕግ እዚያ ለተወለዱት ልጆች በር ከፈተ። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው የደረሰበት መደምደሚያ ጊዜያዊ ስደት የሚባል ነገር የለም፣ ታገሱ ነው።

የምሥራቅ እስያ መንግሥታት ይህን ታሪክ አላወቁትም ማለት የዋህነት ነው። ከ1963 እስከ 1977 ድረስ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ኮርያውያን የማዕድን ቆፋሪዎች ምዕራብ ጀርመን ሄደው ሠርተዋል፤ ከ10 ሺህ በላይ ነርሶችም እንዲሁ። በኋላ ደቡብ ኮርያ ራሷ ሠራተኛ ፈላጊ ስትሆን ያወጣችውን ሕግ ተመልከቱ። በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የሥራ ፈቃድ ሥርዓት ሲሻሻል ቆይቶ ለፋብሪካ ሠራተኛ የሚሰጠው ያልተቋረጠ ጊዜ 4 ዓመት ከ10 ወር ሆነ። ለምን 5 ዓመት አልሆነም? የዜግነት ሕጉ የሚጠይቀው የ5 ዓመት ተከታታይ ነዋሪነት ስለሆነ ነው። ያቺ የሁለት ወር ጉድለት የአንድን ንድፈ ሃሳብ ያህል ትናገራለች። ጊዜ ለስደተኛው የሚሠራ ከሆነ ሰዓቱን ማቆም ይቻላል ማለት ነው።

ታይዋንም ከ1992 ሕግ ወዲህ የኢንዶኔዥያ፣ የቬትናም፣ የፊሊፒንስና የታይላንድ ሠራተኞችን ስታስመጣ የፋብሪካውን ሠራተኛ ቆይታ በድምሩ በ12 ዓመት፣ የቤት ውስጥ ተንከባካቢዋን በ14 ዓመት ወሰነች። እነዚህ ዓመታት ለቋሚ መኖሪያ አይቆጠሩም ነበር። ክህሎት ላላቸው ጠባብ በር የተከፈተው በ2022 ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ደግሞ ለሌሎች የውጭ ዜጎች 7 ዓመት መኖር ለቋሚ ነዋሪነት ያበቃል። ለረጅም ዓመታት ያገለገለች አንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ ይህ መብት ለኔም ይገባል ብላ ከሰሰች። በ2011 በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረታች፤ በመጋቢት 2013 ግን የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የቤት ሠራተኛ ኑሮ እንደ መደበኛ ነዋሪነት አይቆጠርም ብሎ በአንድ ድምፅ ፈረደባት። ፍርድ ቤቱ በእንግሊዝ የሕግ ወግ የሚሠራ ነበር። ነጻ ፍርድ ቤት ባለበት የስደተኛው መብት ይሰፋል የሚለው የሆሊፊልድ ሃሳብ እዚህ ላይ መልስ ያጣል።

በአንጻሩ በዚያው በደቡብ ኮርያ ለኮርያዊ የተዳረች ቬትናማዊት ሌላ ዓለም ይጠብቃታል። በ2008 የወጣው የመድብለ ባህል ቤተሰቦች ድጋፍ ሕግ የቋንቋ ትምህርትና ምክር ያቀርብላታል፤ የዜግነቱም መንገድ አጭር ነው። ወንድሟ ፋብሪካ ውስጥ 4 ዓመት ከ10 ወሩን ይቆጥራል። አገራቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ፣ «ባህላዊ ርቀታቸው» አንድ ነው። ልዩነቱ አንዷ ለቤተሰቡ ልጅ የምትወልድ፣ አንዱ ለፋብሪካው ጉልበት የሚያበድር መሆናቸው ነው። ስደተኛው ከተቀባዩ ኅብረተሰብ ጋር የሚዋሃድበትን ሂደት እንደ ደረጃ መሰላል የሚስለው የአሜሪካ ንድፈ ሃሳብ ይህን አያይም፤ መሰላሉ ለአንዷ ቆሞ ለሌላው የተነሳ ነውና።

ሌላው ወጥመድ

እስከዚህ ድረስ ያለውን ያነበበ ሰው «እንግዲያው እስያ የራስዋ ንድፈ ሃሳብ ያስፈልጋታል» ሊለኝ ይችላል። ብዙዎች ይህን ይላሉ፤ ሲሰማም ደስ ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ምክንያቴም ሁለት ነው።

አንደኛ፣ እስያዊ የሚባለው ነገር ሲመረመር ብዙ ጊዜ አውሮፓዊም ሆኖ ይገኛል። ጃፓን በ1990 ሥራ ላይ ባዋለችው የተሻሻለ ሕግ የጃፓን ደም ያላቸውን የብራዚልና የፔሩ ተወላጆች ጠራች። ደም ስላላቸው በቀላሉ ይዋሃዳሉ ተብሎ ነበር። በ2007 የብራዚላውያኑ ቁጥር ከ300 ሺህ በላይ ደረሰ። የ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ግን ከሥራ የወጡት እነሱ ነበሩ። በ2009 መንግሥት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 300 ሺህ የን፣ ለእያንዳንዱ ጥገኛ 200 ሺህ የን ለመንገድ እየሰጠ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ሸኘ። «ይህ የጃፓን ጭካኔ ነው» ተባለ። ነገር ግን ምዕራብ ጀርመንም በ1983 ለሚመለሱ እንግዳ ሠራተኞች 10,500 ማርክ የሚሰጥ ሕግ አውጥታ ነበር። በደም ቆጥሮ መጥራትም የእስያ ብቻ አይደለም፤ ጀርመን ከምሥራቅ አውሮፓ የጀርመን ዝርያዎችን፣ እስራኤል በ1950 የመመለስ ሕግ አይሁዶችን ጠርተዋል። በዚህ ሕግ መብታቸው በ1975 የታወቀላቸው ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በ2015 የፖሊስን በደል በመቃወም አደባባይ መውጣታቸውን የሚያስታውስ ሰው፣ በዘር መጠራት በእኩልነት ለመኖር ዋስትና እንደማይሆን ለመረዳት ቶኪዮ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ማኪዎን በ2008 ባወጣው ሌላ መጽሐፉ የዛሬው የፓስፖርትና የድንበር ቁጥጥር ሥርዓት የተቀረጸው በአብዛኛው እስያውያንን ለማገድ እንደነበር ይተርካል። አሜሪካ በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞችን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ እስከ 1943ም ጸንቶ ቆየ። ስለዚህ ምሥራቅ እስያ ለምዕራቡ የስደት ታሪክ ባዳ አይደለችም። የምዕራቡ በር ሲሠራ በሩ የተዘጋባት እሷ ነበረች።

ሁለተኛው ምክንያቴ ፖለቲካዊ ነው። «እኛ የተለየን ነን» የሚለው ቃል ከምሁር አፍ ሲወጣ ነጻነት ይመስላል፤ ከባለሥልጣን አፍ ሲወጣ ግን በር መዝጊያ ነው። የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በ2018 አዲሱን የውጭ ሠራተኞች ሕግ ሲያስጸድቁ ይህ የስደተኛ ፖሊሲ አይደለም እያሉ ደጋግመው ተናግረዋል። በ1993 የተጀመረው የሥራ «ሥልጠና» ፕሮግራም ሠራተኛውን ሠልጣኝ እያለ ለብዙ ዓመታት አሠርቶታል፤ በ2027 በሌላ ሥርዓት እንዲተካ የተወሰነው በ2024 ነው። እስከዚያው በ2024 መጨረሻ በጃፓን የሚኖሩት የውጭ ዜጎች ወደ 3 ሚሊዮን 770 ሺህ ደርሰዋል። ስደተኛ የሚለውን ቃል መሸሽ ስደተኛውን አያስቀረውም፤ መብቱን የሚጠይቅበትን ስም ብቻ ያሳጣዋል።

መብት ከየት ይመጣል?

ታዲያ ሁለቱም መንገዶች ካላዋጡ ምን ይቀራል? መልሱን የማገኘው በንድፈ ሃሳቦቹ ውስጥ ሳይሆን በስደተኞቹ ትግል ታሪክ ውስጥ ነው።

በ1970 አንድ በጃፓን የተወለደ ኮርያዊ ወጣት ታላቁ የሂታቺ ኩባንያ ከቀጠረው በኋላ ኮርያዊነቱን ሲያውቅ ሥራውን ስለከለከለው ከሰሰ፤ በ1974 የዮኮሃማ ፍርድ ቤት ፈረደለት። የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 በሌላ ጉዳይ የውጭ ዜጋ ሕገ መንግሥታዊ መብት ከመኖሪያ ፈቃዱ ወሰን አያልፍም ብሏል። ሁለቱ ፍርዶች የወጡት ከአንድ አገር፣ ከአንድ ዘመን ነው። «ጃፓን ሊበራል ናት ወይስ አይደለችም» የሚለው ጥያቄ ሁለቱን ሊያስረዳ አይችልም። ከወጣቱ ጎን ጃፓናውያን ተማሪዎችና የኮርያውያን ማኅበረሰብ አባላት ቆመው ነበር፤ ከክሱ የተወለደው እንቅስቃሴም የጣት አሻራ ግዴታን እስከ መቃወም ዘለቀ።

በጥር 1995 ጥቂት ኔፓላውያን «ሠልጣኞች» በሴኡል ሚዮንግዶንግ ካቴድራል ሰንሰለት አጥልቀው ተቀመጡ። ቦታው በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። በ1987 የኮርያ ዴሞክራሲ ታጋዮች የተጠለሉበት ያው ካቴድራል ነው። አምባገነኑን ሥርዓት የታገሉት ሠራተኞች፣ ቀሳውስትና ጠበቆች ለስደተኛው አደባባዩንም ልምዳቸውንም አጋሩት። ከዚያ የ2004 የሥራ ፈቃድ ሥርዓት መጣ፤ በግንቦት 2006 ቋሚ ነዋሪ የሆኑ የውጭ ዜጎች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ሰጡ። በሰኔ 2015ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች ጭምር በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ወሰነ። ኤሪን ኤራን ቻንግ በ2020 ባሳተመችው መጽሐፍ ጃፓንን፣ ኮርያንና ታይዋንን አነጻጽራ የደረሰችበት ይኸው ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ባህል ሳይሆን እያንዳንዱ ኅብረተሰብ ከቀደሙ ትግሎቹ የወረሰው የመደራጀት ልምድ ነው።

ይህ ሲባል የድሮዎቹን ንድፈ ሃሳቦች እንጣላቸው ማለት አይደለም። ፒዮሬ የጻፈው የጃፓኑን አነስተኛ ፋብሪካ በትክክል ይገልጻል። ሶይሳልም ጃፓን የስደተኞችን ስምምነት ተቀብላ በ1982 የጡረታ ዋስትናን ለውጭ ዜጎች መክፈቷን ብትጠቅስ ማስረጃ አታጣም። ሆሊፊልድ ራሱ ከኒል ፎሊ ጋር በ2022 ባዘጋጀው መጽሐፍ ማዕቀፉን ከምዕራቡ ዓለም አሻግሮ ለማየት ሞክሯል። እኔ የምለው ንድፈ ሃሳቡን ከመጠቀማችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ ነው። ድንበሩን ያሰመረው ማን ነው? «እንግዳ» የተባለው ሰው እንግዳ እንዲሆን የትኛው ታሪክ ተሰረዘ? የስደተኛውን ሰዓት የያዘው ማን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ወደኛ እናምጣቸው። በ2018 ብቻ በግጭት ምክንያት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ አዲስ መፈናቀል በአገራችን ውስጥ ተመዝግቧል። በገዛ አገሩ «መጤ» ተብሎ የተባረረውን ሰው የዓለም አቀፉ ስደት ንድፈ ሃሳብ አያየውም፤ ፓስፖርት የሚጠይቅ ድንበር አልተሻገረምና። የጓንግዡን ታሪክ የሚያውቅ ግን ያየዋል። የእኛ «ስደት» የሚለው ቃል በእንጀራ ፍለጋና በመሳደድ መካከል ግንብ አለማቆሙም ጉድለት ሳይሆን ዕውቀት ሊሆን ይችላል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ስንዞር ደግሞ ሁለት ማጽናኛዎች ይቀርቡልናል። አንዱ «ጊዜ ይፈታዋል፤ አውሮፓም እንዲህ ነበረች» ይላል። ሌላው «የአረቡ ባህል ነው፤ ምን ይደረጋል» ይላል። ምሥራቅ እስያ ሁለቱም ውሸት መሆናቸውን ታሳያለች። በኅዳር 2013 ከተጀመረው የሳዑዲ ዘመቻ በኋላ ከ100 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲባረሩ አንዳንዶቹ ለብዙ ዓመታት እዚያ የኖሩ ነበሩ። ዓመታቱ ምን አደረጉላቸው? ጊዜ ብቻውን ማንንም ነጻ አውጥቶ አያውቅም። ባህልም ብቻውን ማንንም ለዘላለም አላሰረም። ሰንሰለት አጥልቀው የተቀመጡት ኔፓላውያን ካቴድራሉን ያገኙት የአገሩ ሰዎች ቀድመው ስለታገሉበት ነው።

ስለዚህ በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀመጥን ሰዎች ሥራችን የተማርነውን መስፈሪያ ይዘን የእህቶቻችንን ሕይወት መስፈር ብቻ መሆን የለበትም። ካቴድራሉ የት እንዳለ፣ ከሌለም ከነማን ጋር ሊሠራ እንደሚችል ማጥናት ነው። እነሱ ሰዓቱን በያዙት ሰዎች ቤት ሆነው እየቆጠሩ ነው።

ቸር ይግጠመን።